«ጠብ የለኝም» ብሎ የፈረመው ሰብሳቢ

የዕለት ጉርሴን ሳያጓድል እዚህ ላደረሰኝ አምላክ ምስጋና ይድረሰው። ይህን የምጽፈው ግን ለምስጋና ብቻ አይደለም። አንድ ዓርብ ቀን ያደረግሁት ነገር አለ። ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጸጸትም። ያስቸገረኝም ይኸው ነው።

ስሜ ስመኝ ይባላል። ዳንግላ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ዓመት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ደብዳቤ እቀበላለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ፣ ፋይል አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ። ሥራዬን እወደው ነበር። አለቃዬ አቶ ገረመው ይባላል። ፊት ለፊት ሁልጊዜ አንቱ ብየዋለሁ፤ በጽሑፍ ግን እጄ እምቢ ስላለኝ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ባለቤቴ በድንገት ባረፈ ጊዜ አቶ ገረመው ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ለቅሶ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ንፍሮ ሰጡት፣ ቆረጠመ። ሊነሣ ሲል ጎንበስ ብሎ፣ «አይዞሽ፣ እስክትበረቺ ድረስ አትምጪ፤ ሥራው የትም አይሄድም» አለኝ። እጁን ስሜ ሸኘሁት።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣን አለቃ «ይህን ፈቃድ በጽሑፍ ይስጡኝ» የሚል ሰው በእኛ አገር የለም። ነውር ነው። እኔም አላልኩም። ሐዘኔን ተቀምጬ፣ ሁለት ሳምንት አልፎኝ ቢሮ ስመለስ፣ ወንበሬ ላይ የእህቱ ልጅ ተቀምጣለች። የስንብት ደብዳቤዬ ተጽፎ፣ ቁጥርና ማኅተም አግኝቶ ይጠብቀኛል። «ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታዋ በመቅረቷ» ይላል። ቢሮው ገብቼ ድንኳን ውስጥ የነገረኝን አስታወስኩት። ከወረቀቱ ቀና አላለም።

«በጽሑፍ የሰጠሁሽ ፈቃድ አለ?» አለኝ።

የለም። ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት የሰው ልብስ አጠብኩ። ልጄ ሰናይት እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበርና ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ያገኘሁትን ሁሉ ሠራሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አላቋረጠችም። አንድ ነገር ግን አጣሁ። ቅዱስ ቁርባን። የንስሐ አባቴ ሰውየውን ይቅር ብዬ እንደሆነ በጠየቁኝ ቁጥር ዝም እላለሁ። እሳቸውም አያስገድዱኝም፤ «እንግዲያው ቆዪ» ይሉኛል። ሰው ሁሉ ሲቆርብ እኔ ከኋላ ቆሜ ሦስት ዓመት ቆየሁ። ለዚህም ተጠያቂው እሱ ነው እል ነበር።

ታዲያ ባለፈው ዓመት እንጅባራ ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ማስታወቂያ ወጣ። አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሰናይት አየችልኝና ተመዘገብኩ። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። ሰባት ሰዎች ለቃለ መጠይቅ ተጠራን፤ ቀኑም ዓርብ ሆነ። ማክሰኞ ዕለት ከዳንግላ በሚኒባስ ሄጄ ስሜን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እያነበብኩ ሳለ አንድ ሰው ከኋላዬ አልፎ ወደ ውስጥ ገባ። አረማመዱን አወቅሁት። የጥበቃ ሠራተኛውን ማን እንደሆነ ጠየቅሁት። አቶ ገረመው ተዛውሮ ከመጣ ግማሽ ዓመት እንደሆነው፣ የቅጥር ኮሚቴው ሰብሳቢም እሱ እንደሆነ ነገረኝ።

ሰሌዳው ላይ ከስማችን ግርጌ፣ በኮሚቴው አባላት ላይ ቅሬታ ያለው ተወዳዳሪ እስከ ሐሙስ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል የሚል ተጽፏል። አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ሰናይት የተከራየችው ክፍል ስደርስ ዝናብ ጀምሮ ነበር። ጉዳዩን ስነግራት ወዲያው ወረቀት አወጣች። አንድ ገጽ ቅሬታ ጽፈን ብናስገባ ሰውየውን ያነሡታል፣ ነገሩም በሰላም ያልቃል አለች። ልክ ነበረች። እኔ ግን አንጽፍም አልኳት። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልነገርኳትም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ማንኛውም የቅጥር ኮሚቴ አባል ቃለ መጠይቅ ከመጀመሩ በፊት አንድ ቅጽ ይፈርማል። የተወዳዳሪዎቹ ስም ተዘርዝሮ፣ «ከነዚህ ተወዳዳሪዎች ጋር ዝምድናም ሆነ ጠብ የለኝም» የሚል ነው። ስንት ጊዜ ፋይል ያደረግሁት ቅጽ ነው። አቶ ገረመውንም አውቀዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ አስፈርሜዋለሁ፤ አንድ ቀን አንብቦ ሲፈርም አላየሁትም። ስልክ እያወራ ይፈርማል፣ ከሰው ጋር እየሳቀ ይፈርማል። የእኔንም ስንብት እንዲሁ ነው የፈረመው። ዓርብ ጠዋትም ስሜን ሳያይ እንደሚፈርም እርግጠኛ ነበርኩ። ከፈረመ በኋላ እገባለሁ።

ሥራውን አልፈልግም ነበር ማለቴ አይደለም። ሰናይት የመጨረሻ ዓመቷ ነው፤ የኔም ወገብ በእጥበት አልቋል። ግን ሁለቱን አንድ ላይ አገኛለሁ ብዬ አሰብኩ። ሥራውንም፣ እሱንም።

ሰናይት ቃለ መጠይቅ ላይ የሚዘወተሩትን ጥያቄዎች ደብተር ላይ ጽፋ ታለማምደኝ ጀመር። እሷ አልጋው ላይ፣ እኔ በርጩማው ላይ።

«ስለ ራስሽ ንገሪን» አለች፣ ድምጿን ወፈር አድርጋ።

«ባሏ በሞተ በሁለት ሳምንቱ የተባረረች ሴት ነኝ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እማዬ፣ ይሄ ክስ ነው እንጂ መልስ አይደለም።»

«ቀጥይ።»

«ጠንካራ ጎንሽ ምንድን ነው?»

«አልረሳም።»

መሳቅም ማልቀስም ቃጣት። ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታያለሽ ብላ ስትጠይቀኝ፣ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው አልኳት። እንዲህ ከተባለ ነጥብ አይሰጥም አለች። ከእግዚአብሔር ቀድሜ ስለሚመጣው አምስት ዓመት ልናገር ወይ ብዬ ተቆጣሁ። «እሺ፣ መጀመሪያ እሱን ጥሪና ከዚያ ስለ ፋይሎቹ ተናገሪ» አለችኝ። በዚህ ተስማማን። ራስን ማመስገንም አቃተኝ። እኛ ሰው ሲያመሰግነን እንኳ አንገታችንን እንደፋለን፤ እዚያ ግን ካልተናገርሽ ማንም አይናገርልሽም እያለች ሁለት ቀን ለፋችብኝ። ድክመትሽ ምንድን ነው ሲሉኝ፣ ሥራ ሳልጨርስ ወደ ቤት አልሄድም እንድል አስጠናችኝ።

አንዷን ጥያቄ ግን ብቻዬን አዘጋጀሁ። «የቀድሞ ሥራሽን ለምን ለቀቅሽ?» የምትለዋን። ሰናይት ትምህርት ስትሄድ ግድግዳውን እያየሁ ተለማመድኩ። የስንብት ደብዳቤዬን ቅጂ በፕላስቲክ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሐሙስ አለፈ። ቅሬታ አላስገባሁም።

ዓርብ ጠዋት የእንጅባራ ብርድ አጥንት ይገባ ነበር። ሰባታችን ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አጠገቤ ትርንጎ የምትባል ልጅ ተቀመጠች። ከጫግኒ ወዲያ ካለ ቀበሌ ነው የመጣችው። አራስነቷን ገና መጨረሷ ነው፤ ሕፃኗን ለእህቷ ትታ መጥታ ጡቷ ሞልቶ ያማታል፤ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ደራርባ ትጨነቃለች። ዲፕሎማ ካገኘች አራት ዓመቷ ነው፤ ሥራ አግኝታ አታውቅም። ቃለ መጠይቅም የመጀመሪያዋ ነው።

«እትዬ፣ ምን ምን ይጠይቃሉ?» አለችኝ።

የሰናይትን ደብተር አውጥቼ ሰጠኋት። አብረን አነበብን። ድክመት ምንድን ነው ሲሉ እውነቱ ይነገራል እንዴ ብላ ጠየቀችኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን። የራሷን መልስ ቶሎ አገኘች፤ ጎበዝ ናት። ተራዋ ሦስተኛ ነበር። ገብታ ስትወጣ ፊቷ በርቷል። ሁሉንም እንደመለሰች፣ ሰብሳቢው ራሱ «ጥሩ ነው» እንዳላት ነገረችኝ። ስልክ ቁጥሯን በደብተሩ ጀርባ ጻፈችልኝ። ልጄ እዚህ ስለሆነች ውጤት ሲለጠፍ እንድደውልላት ለመነችኝ። አትጠራጠሪ አልኳት። ከመሄዷ በፊት የእኔን መውጣት ልትጠብቅ ቁጭ አለች።

እኔ አምስተኛ ነኝ። ተጠራሁ።

ሦስት ሰዎች ናቸው። መሐል አቶ ገረመው። በቀኙ ወይዘሮ አስካለ የምትባል የሰው ሀብት ባለሙያ፣ በግራው ቃለ ጉባኤ የሚይዙ መነጽር ያደረጉ አዛውንት። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከሩቅ አወቅሁት። ሦስት ፊርማ አለበት።

አቶ ገረመው ቀና አለ። የሚደነግጥ መስሎኝ ነበር። ፈገግ አለ።

«ስመኝ! አንቺ ነሽ እንዴ?» ወደ ባልደረቦቹ ዞረ። «ዳንግላ አብረን ሠርተናል። ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች።»

ሦስት ዓመት ይህን ፊት ስሰድብ ኖሬያለሁ። እሱ ግን ምንም የለበትም። ጭራሽ ደስ ብሎታል። ያን ጊዜ ነው በእውነት የጠላሁት።

ስለ ራሴ ጠየቁኝ፤ ሰናይት እንዳስጠናችኝ መለስኩ። ፋይል እንዴት እንደማደራጅ ጠየቁኝ፤ አዛውንቱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። ከዚያ አቶ ገረመው ከወረቀቱ እያነበበ፣ «የቀድሞ ሥራሽን ለምን ለቀቅሽ?» አለ። ካነበበው በኋላ ነው ምን እንዳነበበ የገባው።

«እርስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል» አልኩት።

ወረቀቱን ገለበጠ።

«ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች ብለዋል። ታዲያ ለምን አባረሩኝ?»

ወይዘሮ አስካለ ብዕሯን አቆመች። ደብዳቤዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊቷ አኖርኩት። በድንኳኑ ውስጥ የተነገረኝን፣ ወንበሬ ላይ ማን እንደተቀመጠች፣ ምን ተብዬ እንደወጣሁ ተናገርኩ። ድምፄን አልጨመርኩም። አላለቀስኩም። ግድግዳው ጋ ጨርሼ መጥቻለሁ። ሲያልቅ ወደ ቅጹ አመለከትኩ።

«ጠብ የለኝም ተብሎ የተፈረመው ይህ ነው?» አልኩ። «ስሜ አምስተኛው ላይ አለ።»

ወይዘሮ አስካለ ቅጹንና ደብዳቤዬን ጎን ለጎን አደረገቻቸው። ሁለቱም ላይ ያው ፊርማ ነው፤ የጅራቱ አጠማዘዝ እንኳ አንድ ነው። የማን እንደሆነ ለመጠየቅ አላስፈለጋትም።

አቶ ገረመው፣ «ጠብ እኮ የለንም» አለ። «በሕግ ነው የተሰናበተችው። እኔ ከሷ ጋር ምንም የለኝም።»

እውነቱን ነው ብዬ አምናለሁ። እሱ ጋ ምንም አልነበረም።

«እኔ ጋ አለ» አልኩት። «ሦስት ዓመት ሙሉ አለ።»

ወይዘሮ አስካለ ቃለ መጠይቁ መቆሙን ተናገረች። አቶ ገረመው ከክፍሉ እንዲወጣ በትሕትና ጠየቀችው። ስልኩን አነሣ፣ የንባብ መነጽሩን ረሳ፣ ተመልሶ አነሣው። አጠገቤ ሲያልፍ አንገቱ ላይ ላብ አየሁ። በሩ ተከፈተና በተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ፊት፣ በኮሪደሩ ርዝመት ሁሉ ሄደ። እስኪጠፋ ድረስ በዓይኔ ሸኘሁት። ወገኖቼ፣ እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ነገር ቀምሼ አላውቅም። ልዋሻችሁ አልችልም።

ከዚያ ወይዘሮ አስካለ፣ «የዛሬው ሁሉ ይሰረዛል» አለች።

«ከእኔ በፊት የገቡትም?»

«ሰብሳቢው በሐሰት ፈርሟል። የሰጠው ነጥብ አይጸናም። ሁላችሁም እንደገና ትጠራላችሁ።»

አላወቅሁም ነበር ብል ውሸት ነው። የተበላሸ ቃለ ጉባኤ ምን እንደሚሆን የመዝገብ ቤት ሰው ያውቃል። ሐሙስን በዝምታ ሳሳልፍም አውቅ ነበር። ላስበው አልፈለግሁም እንጂ።

ስወጣ ትርንጎ ብድግ አለች። ምን እንደተፈጠረ ጠየቀችኝ። ሰብሳቢው የጥንት ጠላቴ እንደሆነ፣ ሁሉም እንደተሰረዘ ነገርኳት። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ።

«የኔም?» አለች።

«የሁላችንም።»

ነጠላዋን አስተካከለች። አውቶቡስ እንዳያመልጣት ቸኩላ ነበር። «እንግዲህ ሲለጠፍ ይደውሉልኛል፣ እትዬ» ብላኝ ሄደች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አዲስ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ቃለ መጠይቁ በሦስተኛው ቀን ነው። ሰናይት ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ለትርንጎ ደወልኩ። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። ስልኩን አስቀመጥኩ። ልብስ ነበረኝ፣ አጠብኩ። ማታም ይዤው ቁጭ አልኩ፤ አልደወልኩም። ወደ ጫግኒ በሚሄድ ሹፌር መልእክት መላክ ይቻል ነበር፤ መናኸሪያው ከቤቴ ሩቅ አይደለም፤ በጋሪ ብሄድ ጊዜ አይፈጅም። አልሄድኩም። በሚቀጥለው ቀንም አልደወልኩም። አንዴ ሞክሬያለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ ስድስት ነበርን። አዲስ ሰብሳቢ። ያው ጥያቄዎች። ድክመቴን ሲጠይቁኝ ሥራ ሳልጨርስ ወደ ቤት እንደማልሄድ ነገርኳቸው። ይህም ሐሰት አልነበረም። ድክመቴ ግን እሱ አልነበረም።

አንደኛ ወጣሁና ተቀጠርኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይህን ስል ከልቤ ነው። ሰናይትም ተመረቀች። እኔም ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ተዛወርኩ።

ሥራ በጀመርኩ በወሩ አንድ ደብዳቤ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ለአቶ ገረመው የተሰጠ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ግልባጩ ከግል ማኅደሩ ጋር እንዲያያዝ የሚል። ቁጥር ሰጠሁት። በሳሁት። ማኅደሩን አውጥቼ ከላይ አኖርኩት። በእጄ። ያንኑ ጣፋጭ ስሜት እንደገና ጠበቅሁ። መጣ፤ ግን ትንሽ ነበር።

በዚያው ሳምንት የተሰረዘውን ቃለ መጠይቅ ሰነድ ፋይል እንዳደርግ ሰጡኝ። የነጥብ ወረቀቶቹ ውስጡ ናቸው። ማየት አልነበረብኝም። አየሁ። ከእኔ በፊት የገቡት አራቱ ተሞልቶላቸዋል። የትርንጎ ከሁሉም ይበልጣል። ወይዘሮ አስካለም፣ አዛውንቱም፣ አቶ ገረመውም ከፍተኛውን የሰጡት ለሷ ነው። ያ ሰው ቢያንስ እሷ ላይ ፍርዱ ትክክል ነበር። የእኔ ወረቀት ግማሹ ባዶ ነው፤ ሞልተው ቢጨርሱት እበልጣት እንደሆነ አላውቅም። ማንም አያውቅም።

ዳንግላ ወርጄ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰውየው በኮሪደሩ ሲሄድ ሳየው ከላዬ አንዳች ነገር ቀለለኝ፣ ይቅር ብዬዋለሁ መሰለኝ አልኳቸው።

«ያ ይቅርታ አይደለም» አሉኝ። «ጠግበሽ ነው።» ቀጥለውም፣ «ልጅቷስ?» አሉ።

ይህችን ጥያቄ አልተለማመድኳትም። እሳቸው ጥያቄያቸውን በደብተር ጽፈው አያስጠኑም።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ በደል የደረሰባችሁ ትኖራላችሁ። ተዉት ብዬ አልመክራችሁም፤ እኔ አልተውኩትም፣ ግብዝ መሆን አልፈልግም። በበዳይ ፊት ቆሞ መናገር መልካም ነው። የለቅሶ ቤት ቃል ቃል መሆኑን አንድ ሰው ሊነግረው ይገባ ነበር፤ ነገርኩት። ግን እስከ ሐሙስ ቀን ነበረኝ። አንድ ገጽ ብጽፍ ኖሮ እሱ ይነሣ ነበር፣ ትርንጎም ነጥቧን ይዛ ትሄድ ነበር፣ እኔም እንደማንኛውም ሰው እወዳደር ነበር። እኔ የፈለግሁት እንዲነሣ አልነበረም። ሲነሣ ማየት ነበር። ለዚያች እይታ ምንም ያላደረገችኝ ልጅ ከፈለችልኝ። በዚያ ላይ ስልክ ነፈግኋት።

ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ደወልኩ። ቁጥሩ አይሠራም።

ባለፈው ወር መሥሪያ ቤታችን የጽዳትና ተላላኪ ሠራተኛ ማስታወቂያ አወጣ። የተመዝጋቢዎችን ሰነድ በመስኮት የምቀበለው እኔ ነኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር። አንገቴን ደፍቼ ስጽፍ ዲፕሎማ ከፊቴ ተቀመጠ። ለጽዳት ሥራ ዲፕሎማ የሚያመጣ ብዙ አይደለም። ቀና አልኩ። ትርንጎ ናት። ከስታለች።

አወቀችኝ። ሁለተኛውን ቃለ መጠይቅ ማን እንዳለፈው ለመረዳት የተቀመጥኩበትን ማየት በቂዋ ነበር።

«ትርንጎ» አልኳት፣ «ኔትወርክ የለም አለኝና አንዴ ብቻ ነው የደወልኩልሽ። ሁለተኛ መደወል ነበረብኝ። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ይቅር በይኝ።»

ይቅር በይኝ ለሚል ሰው የሚመለሰው መልስ አንድ ነው፤ ሕፃንም ያውቀዋል። ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ ይባላል። ጠበቅሁት። ከኋላዋ ያሉት ሰዎች ይገፋሉ። እሷ ግን ረጋ ብላ አየችኝ። እኔ ሦስት ዓመት ያን ሰው በልቤ ያየሁበትን አስተያየት ነው ያየችኝ።

«ሰነዴን ይመዝግቡልኝ» አለች።

መዘገብኳት።